ሦስተኛው ጎን ላይ የነበረው ድምፅ

ይህን የምጽፈው ስልኬ ላይ፣ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የተጣመመ አረፍተ ነገር ብታገኙ አትፍረዱብኝ። በሌላው ነገር ግን ፍረዱብኝ። ጉዳዩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከልጄ በቀር ለማንም በሙሉ አልነገርኩም።

አስካለ እባላለሁ። የምንኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ የታመሙና ያረጁ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቄ እሰጣለሁ።

ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሠራሁት ጥፋት አይገባችሁም። ፈሪ ነበርኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ጠዋት «ቻው» ብሎኝ ኒው አልባኒ ወዳለው የመጋዘን ሥራው ሄደ፤ ልቡ እዚያው ቀጥ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ሳልጸልይ አላነሳም። አንዲት ልጄ ሶልያና አሥር ደቂቃ ከዘገየች አምስት ጊዜ ኮል አደርግላታለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው፣ አዲስ ለገባንበት ቤት ዘይት ቀብተን እንጸልያለን። እኔ ግን ወሰን አልነበረኝም። የበሩን መቃን፣ የመኪናዋን መሪ፣ ትራሷን ሳይቀር እቀባ ነበር። የተጸለየበት የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

እንዲህ ሆኜ ነው ሚስተር ዋልተር ቤት የተመደብኩት።

ጋሃና በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ይኖሩ ነበር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የሳንባ ካንሰር፣ ሚስት የለ ልጅ የለ፤ ሌላ ስቴት ያለች የእህታቸው ልጅ ብቻ በየሳምንቱ ትደውላለች። የተናገሩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በራሳችን አፍ ነው የምጽፍላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳላስበው «ጋሼ» ብዬ ጠራኋቸው።

«ጋሼ ምንድን ነው?»

«ታላቅ ሰው ማለት ነው። የምናከብረው።»

«ለሆስፒታሉ ነርስም ንገሪያት። እሷ የምትጠራኝ በአልጋ ቁጥር ነው።»

ሳሎናቸው ውስጥ የሆስፒታል አልጋ ገብቷል፤ ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች የዘፈን ሸክላ ነው፣ የድሮ የሮክ ሙዚቃ። ከሁሉም የሚወዷቸው አሥራ አንዱ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻቸው ናቸው። ወፍራም ናቸው፤ ሽፋናቸው እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ በየውስጣቸው ሁለት ሁለት ሸክላ አለ። ሁሉም መድረክ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዱ ናቸው።

«ስቱዲዮ የተቀዳውን አርመውት፣ አበጣጥረውት ነው የሚሰጡሽ» አሉኝ አንድ ቀን። «ይሄኛው ላይ ጊታር የሚመታው ይሳሳታል፣ ዘፋኙ ያስለዋል፣ ሰዉ ይጮኻል። ሁለት ሸክላ የፈጀው ለዚህ ነው። ሰው ጊዜ ይወስዳል።»

በየሳምንቱ ደረጃ ያወጡላቸዋል። «ሦስተኛውን አምስተኛ አድርጊው» ይሉኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ቦታ አቀያይራለሁ። የወረደውን ደግሞ ጥፋቱን ይነግሩታል፤ «ከበሮህ ረዘመብኝ፣ ወዳጄ፣ እኔ ያን ያህል ዕድሜ የለኝም።» ያስቁኝ ነበር። በግራ ጫፍ ያለው አንደኛው ግን ከቦታው ተነስቶ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ፣ ካጠብኳቸውና መድኃኒት ከሰጠኋቸው በኋላ፣ ሁልጊዜ እሱን ያስከፍቱኛል። የአንዱ ሸክላ ሁለት ጎን 1 እና 4 ይላል፣ የሌላው 2 እና 3። የድሮ ማጫወቻ ሸክላውን ደራርቦ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይጥል ስለነበር ነው ብለው አስረድተውኛል። እሳቸው የሚፈልጉት 3ን ነው። እጃቸው እየደከመ ሲሄድ የማጫወቻውን መርፌ ሸክላው ላይ የማስቀምጠው እኔ ሆንኩ።

እስከዚያ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም፤ በሦስተኛው ወር ገደማ አጥሚት እያጎረስኳቸው ዘፈኑ አለቀ። ሕዝቡ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ቀስ ብሎ ጸጥ አለ። ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ከሩቅ፣ ከሰዉ መሀል፣ የአንድ ወጣት ድምፅ ተጣራ፤

«ዋሊ! ዋሊ! እዚህ ነኝ!»

ጋሼ ዋልተር ዓይናቸውን ጨፍነው «ሰምቼሃለሁ፣ ዳኒ» አሉ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከወንድሜ ጋር። ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው። ዋሊ የሚለው እኔን ነው፤ በየቀኑ ይጠራኛል።»

ሌላ አልጠየቅኩም። እንግሊዝኛዬ ለምግብና ለመድኃኒት ይበቃኛል፤ ነገር ሲከብድ ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስተኛውን ጎን አስቀምጬላቸው ወጥ ቤት እሸሻለሁ፤ እንዳልሰማ ቧንቧውን እለቀዋለሁ። ቢሆንም ይሰማል። ድምፁ ከሸክላው እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ጅል አይደለሁም። ግን የሞተ ሰው በየቀኑ ሲጣራ፣ በሕይወት ያለው በየቀኑ ሲመልስለት፣ ያውም ሞት ደጁ ለቆመ ሰው... እኛ ዘንድ ሙታንን መጥራት ክልክል ነው። እየዋለ ሲያድር ያ ሸክላ ተከትሎኝ ቤቴ የሚገባ መሰለኝ።

የጸሎት ቡድናችንን ለምታስተባብረው ለእትዬ ወርቅነሽ ደወልኩላት።

«አንቺ! ይሄማ ሙታን መጥራት ነው!»

«ሸክላ እኮ ነው፣ እትዬ ወርቄ። የድሮ ቅጂ።»

«ቅጂስ ቢሆን? ይመልሱለታል አላልሽኝም? እንዲህ እንዳሉ ቢያርፉ ማነው የሚጠየቀው? አጠገባቸው ያለሽው አንቺ!»

«ታድያ ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው።»

«ዘይት ይዘሽ የለ? ቀብተሽ ጸልዪበታ። ኋላ ለልጅሽ እንዳይተርፍ።»

እትዬ ወርቅነሽ ክፉ ሰው አይደለችም። ባለቤቴ ሲያርፍ አርባ ቀን ሙሉ ምሳ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። ብቻ ያቺ «ለልጅሽ» ያለቻት ቃል አንጀቴ ውስጥ ገባች።

ማክሰኞ ቤት ድረስ የምትከታተላቸው ነርስ መጥታ አየቻቸውና ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ቀናት ናቸው የቀሩት። ሳምንት ከሞላ ብዙ ነው» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ዋልተር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ ወጥ ቤት ወሰድኩ። 3 የሚለውን ብቻ ልቀባ ነበር፤ ከዚያ 2ንም ለምን እተወዋለሁ አልኩ። ጣቴን ዘይት እየነከርኩ ዙሪያውን ቀባሁ፣ ጸለይኩ፣ አለቀስኩም። ስጨርስ ሸክላው በዘይት ተለውሶ ያብለጨልጫል። ቢያዩትስ? ደነገጥኩ። በወረቀት ብጠርገው ወረቀቱ ብናኝ እየሆነ ተጣበቀበት። ጭራሽ ባሰ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፈሰስኩበትና በስፖንጁ፣ በዚያ በአረንጓዴው ሻካራ በኩል፣ ድስት እንደሚታጠብ አድርጌ ፈተግኩት። አለቅልቄ፣ በፎጣ አድርቄ ቦታው መለስኩት። ጥቁረቱ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ንጹሕ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ከላዬ ሸክም የወረደ መስሎኝ እየዘመርኩ ወለሉን ወለወልኩ። ያን ቀን ሲያንቀላፉ ዋሉ፣ አልጠየቁኝም።

ሐሙስ ነቁ። ዓይናቸውም ጠራ ብሎ ነበር።

«አስኪ፣ ዳኒን አምጪልኝ።»

አመጣሁ። 3ን ወደ ላይ አድርጌ መርፌውን አስቀመጥኩ። ከማጫወቻው የወጣው ድምፅ የሙዚቃ አይደለም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ነው፤ ከሥሩ የሆነ ነገር ተቀብሮ ያቃስታል። መርፌው ዘለለ፣ ተንሸራተተ፣ መሀል ደርሶ ቆመ።

«እንደገና» አሉኝ።

እንደገና አስቀመጥኩ። ያው ነው።

«መርፌውን ጥረጊው።»

ጠረግኩት። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በሦስተኛው ትንሽ ጭብጨባ የመሰለ ተሰማ፤ ጋሼ ዋልተር ከትራሱ ቀና አሉ። መርፌው ያንን ቦታ ዘሎ አለፈ።

ትራሱ ላይ ተመልሰው «አልጠራኝም» አሉ።

እኔ የአልጋውን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሃምሳ ዓመት ጠራኝ። ሰለቸው።»

«አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። የሚያስፈልገው አንድ አረፍተ ነገር ነበር፤ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ማለት። ለዚያ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። ግን ከሥራ መባረሬ፣ ፈቃዴን መነጠቄ፣ የሶልያና ትምህርት፣ ሁሉም በአንዴ ፊቴ ድቅን አለ። እንባቸው በጎን ወደ ጆሯቸው ሲወርድ ጎንበስ ብዬ ጠረግኩላቸው። በዚያው እጄ።

ከሥራ ስወጣ ሶልያና መኪና ይዛ መጥታ ነበር። በር ሳልዘጋ ነገርኳት።

«ማሚ... ዩ ዋሽድ ኢት? ዊዝ ሶፕ? በሳሙና አጠብሽው?»

«ዘይቱ እንዳይታይ ብዬ...»

«ዘይት? ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!»

ስልኳን አውጥታ የባንዱን ስም ጠየቀችኝ፤ ከሽፋኑ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት። ወዲያው አገኘችው። ያንኑ አልበም፣ ያንኑ ዘፈን ከፈተችልኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ዘፈኑ አለቀ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ዝምታው ሊመጣ ሲል ቀጣዩ ዘፈን ገባ።

«ድምፁስ?»

ሶልያና ደግማ ከፈተችው፣ ስለሱም ማንበብ ጀመረች። «በኋላ ሲያሳትሙት... ቆርጠውታል፣ ማሚ። በዘፈን መሀል ያለውን ዝምታ ቆርጠው ጥለውታል። ኦሪጅናሉ ላይ ብቻ ነው ያለው።»

ሃይ ስትሪት ላይ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሽበታም ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ ሰውዬ አለ። ሶልያና የአልበሙን ስም ስትነግረው ፈገግ ብሎ ከሳጥን መዞ አወጣ። ያው ሽፋን! እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያልኩ እጁን ልስመው ነበር። ከፈተው። ያለው አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ 1 እና 4።

«ሌላኛው የታለ?»

«እንዲሁ ነው የመጣው። ልዘዝላችሁ እችላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።»

ለሱ ሳምንት ምንም አይደለም። ጨዋ ሰው ስለሆነ ሌላ ሱቅም ደወለልን፤ የላቸውም። ለምን 3ን ብቻ እንደምንፈልግ ሲጠይቀን ሶልያና አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። «ተበላሽቶባቸው ነው» አለችው። ማን እንዳበላሸው አልተናገረችም።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«ንገሪያቸው፣ ማሚ።»

«ያባርሩኛል።»

«ሂ ኢዝ ዳይንግ።»

«ታድያ ለሚሞት ሰው ሐዘን ልጨምርበት?»

«ብራዘራቸው የተዋቸው መስሏቸው እኮ ነው የሚሞቱት!» ብላ ጮኸችብኝ። ልጄ ጮኻብኝ አታውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ሳብኩ። ፊታቸው በአንድ ቀን አንሷል።

«ጋሼ፣ ዳኒ አልሰለቸውም። እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ስፖንጁ። እንግሊዝኛው ሲያጥረኝ በእጄ እያሳየሁ።

ጨርሼ ጠበቅኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ሌላ አለፈ።

«ምን ዓይነት ዘይት?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«የወይራ።»

«ከእኔ ወጥ ቤት?»

«አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ነው።»

«ደህና። እኔ ቁም ሳጥን ያለውስ ጊዜው አልፎበታል።»

ይሳቁ ይናደዱ አልገባኝም። ከዚያ ዞረው አዩኝ። አልሳቁም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም? ስምንት ወር ሙሉ እዚሁ ነበርኩ።»

«ፈራሁ።»

ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ እያረፉ፣ ነገሩኝ። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር፣ ዳኒ ሃያ። ዳኒ ነው የዚህን ባንድ ኮንሰርት ትኬት ገዝቶ በመኪናው የወሰዳቸው። ሰዉ መሀል ተጠፋፉ። ጋሼ ዋልተር ከአንዲት ልጅ አጠገብ ቆመው ሊያዋሯት ድፍረት እየሰበሰቡ ነው። ዘፈኑ አልቆ ዝም ሲል ዳኒ ከኋላ ተጣራ፤ ትንሽ ጠጥቷል፣ ዓይን የሚወጋ የአዳኞች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል።

«ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «ልጅቷ 'አንተን ነው?' አለችኝ። 'አላውቀውም' አልኳት። አፍሬበት። አልዞርኩም። ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣኝ ብቻውን ሄደ። መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ፣ ቤት አልደረሰም።» ቆይተው ደግሞ «ከዓመት በኋላ የዚያ ቀን ኮንሰርት በሸክላ ወጣ። ገዛሁት። ሦስተኛው ጎን ላይ ደረስኩ» አሉ።

ሙታንን ይጠራል ስል የኖርኩት ሰው፣ ለካ በየቀኑ ዘግይቶም ቢሆን «ሰምቼሃለሁ» ሲል ነበር የኖረው።

«አንቺም ሰምተሽዋል» አሉኝ።

«ወጥ ቤት ሆኜ። ቧንቧ ከፍቼ።»

«እንዴት ነበር የሚለው?»

«ጋሼ፣ እኔ እንዴት...»

«ከኔ ሌላ ድምፁን የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። በይው።»

ቀስ ብዬ፣ እንደሚያፍር ሰው «ዋሊ... ዋሊ... እዚህ ነኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳኒ ሰክሯል። አንቺ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለሽ ነው የምትመስይው። ከሩቅ ነበር፣ ሂጂ።»

ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩን ጨርሼ የውጭው በር ጋ ቆምኩ። በዚያ ቤት ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ድምፅ ከምንም በላይ ስፈራው ስለኖርኩ አንድም ነገሩ አልጠፋኝም፤ የመጀመሪያው «ዋሊ» አጭር ነው፣ ሁለተኛው ይሳባል፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ አለበት። ትንፋሼን ሰብስቤ ጮህኩ፤

«ዋሊ! ዋሊ! እዚህ ነኝ!»

የጎረቤቱ ውሻ ጮኸ። ከሳሎን ምንም አልተሰማም። ደነገጥኩና እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ጋሼ ዋልተር አንገታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዙረዋል። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ ብላለች፤ ሰው ከብዙ ሰው መሀል የሚያውቀውን ሲያይ እንደሚያነሳት።

«ድገሚው» አሉኝ።

ተመልሼ ደገምኩት። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጮህኩ። በሦስተኛው ድምፄ ተሰነጠቀ።

እሑድ ጠዋት አረፉ። የቀጠረኝ ቢሮ ሰው ሲደውልልኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነበርኩ። ዓርብ የሆነው አጽናንቷቸው ሄደው እንደሆነ አላውቅም። ይቅር እንዳሉኝም በአፋቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የእህታቸው ልጅ መጥታ አቀፈችኝና «በደንብ ስለያዝሽልኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ለሷም መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ሸክላዎቹን በሙሉ ለአንድ ገዢ ሰጠች፤ ያ የታጠበውም እሷ ሳታውቅ አብሮ ሄደ። ዛሬ የሆነ ሰው መርፌውን አስቀምጦበት ይራገም ይሆናል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ እምነቴን ተውኩ እንዳትሉኝ። ዛሬም እጸልያለሁ፣ ዘይቱም አለኝ። ግን ረቡዕ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ያደረግኩት ጸሎት እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ። ፍርሃት ነው። ፍርሃቴን ጸሎት አልብሼ የሰው ቤት ገባሁበት። ያን ሽማግሌ «ወንድምዎ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ብጠይቅ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ለእትዬ ወርቅነሽም ነግሬያታለሁ፣ በግማሽ። «እኔም እኮ ለክፋት አይደለም» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን ሶልያና ክፍሏ ውስጥ ናት፤ በሩ ተዘግቷል፣ የሆነ ሙዚቃ ይሰማል። ምን እንደሆነ አላውቀውም። ቀድሞ ቢሆን ስትወጣ ጠብቄ እገባ ነበር። አሁን አንኳኳለሁ። አንዳንዴ «ካም ኢን፣ ማሚ» ትለኛለች፣ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የዘፈኑን ወሬ እጠይቃታለሁ። አንዳንዴ መልስ የለም። መልስ ከሌለ፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ አልገባም።